የአውቶቡሱ ወንበር እና የያዕቆብ መልእክት

(ከሬዲዮ ስብከት ለንባብ የተዘጋጀ)



መጽሐፍ ቅዱሳችሁ በእጃችሁ ካለ የያዕቆብን መልእክት ምዕራፍ 2 ከቁጥር 1 እስከ 9 ክፈቱና አንብቡት። እዚያ የምናገኘው ታሪክ በጣም ተራ ነው። ጉባኤው ተሰብስቧል። ሁለት ሰዎች በር ላይ ደረሱ። አንዱ የወርቅ ቀለበት አድርጓል፣ ልብሱም ያምራል። ሌላው ድሃ ነው፤ የለበሰው አድፏል። ለመጀመሪያው የክብር ወንበር ተሰጠው። ሁለተኛው ግን ወይ እንዲቆም፣ ወይ መሬት ላይ እንዲቀመጥ ተነገረው።

ልብ በሉ ቅዱሳን! እዚህ ቦታ ላይ ማንም አልተደበደበም፤ የፈሰሰም ደም የለም። የተነሣው ጥያቄ ማን የት ይቀመጥ የሚል ብቻ ነው። ያዕቆብ ግን ይህን ትንሽ የሚመስል ነገር ሳይሸፋፍን ኃጢአት ብሎ ይጠራዋል። ሰውን በፊቱ አይቶ ማድላት ከጌታ ኢየሱስ እምነት ጋር አብሮ አይሄድም ይላል።

ዛሬ ስለ ወንበር ነው የማወራችሁ። በአሜሪካ አገር በአላባማ ግዛት፣ ሞንትጎመሪ በምትባል ከተማ ውስጥ ስለነበረ የአውቶቡስ ወንበር። በዚያ ወንበር ምክንያት የቆሙት ሰዎች ልብስ ሰፊዎች፣ ምግብ አብሳዮች፣ የሰው ቤት ሠራተኞች፣ አስተማሪዎችና ተማሪዎች ነበሩ። እንደ እኔና እንደ እናንተ ያሉ፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ተራ ሰዎች። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕጉ እንዴት ይሠራ ነበር?

ጊዜው 1955 ነው። ሞንትጎመሪ በቤተ ክርስቲያን የተሞላች ከተማ ነበረች። ነጮችና ጥቁሮች ግን በአንድ ጣራ ሥር አያመልኩም። ትምህርት ቤቱ የተለያየ፣ የውኃ መጠጫው የተለያየ፣ የባቡር ጣቢያው መጠበቂያ የተለያየ ነበር። አውቶቡሱ ግን አንድ ነው። ስለዚህ መለያየቱ እዚያ ውስጥ በወንበር ተደረገ።

አንድ አውቶቡስ 36 መቀመጫ ነበረው። ከፊት ያሉት 10 መቀመጫዎች የነጮች ናቸው፤ ነጭ ተሳፋሪ ባይኖር እንኳ ጥቁር ሰው ባዶውን ወንበር እያየ ይቆማል እንጂ አይቀመጥበትም። ከኋላ ያሉት 10 ለጥቁሮች ናቸው። መካከል ላይ ያሉትን 16 መቀመጫዎች ሾፌሩ እንዳሻው ያዝባቸዋል። ነጭና ጥቁር በአንድ ረድፍ ጎን ለጎን መቀመጥ አይችሉም። ስለዚህ አንድ ነጭ ሰው መቀመጫ ካጣ አራት ጥቁሮች ይነሣሉ፤ ረድፉ በሙሉ ባዶ መሆን አለበት።

ይህም አልበቃ አለ። ብዙ ሾፌሮች ጥቁሩን ሰው ከፊት በር ገብቶ እንዲከፍል፣ ከዚያ ወርዶ በኋላ በር እንዲገባ ያዙት ነበር። ሰውየው ከፍሎ፣ ወርዶ፣ ወደ ኋላ በር ሲሄድ አውቶቡሱ ጥሎት የሚሄድበት ጊዜም ነበር። ገንዘቡን ወስደው፣ ሰውየውን መንገድ ላይ ትተው! የሚገርመው ደግሞ ከአውቶቡሱ ተሳፋሪዎች ከአራቱ ሦስት ያህሉ ጥቁሮች ነበሩ። ድርጅቱ የሚኖረው በእነሱ ገንዘብ ነበር።

እንግዲህ ይህን ሕግ ካወጡትና ካስከበሩት ሰዎች ብዙዎቹ እሁድ እሁድ መዝሙር የሚዘምሩ፣ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነቡ ሰዎች ነበሩ። የያዕቆብ መልእክት እነሱም እጅ ላይ ነበረ። አንብበውታል፤ ወንበሩ ጋ ሲደርሱ ግን ዘለሉት።

ሳትነሣ የቀረች ልጅ

ብዙዎቻችን የሮዛ ፓርክስን ስም ሰምተናል። ከእርሷ ዘጠኝ ወር በፊት ስለተቀመጠችው ልጅ የሰሙ ግን ጥቂቶች ናቸው። ክላውዴት ኮልቪን ትባላለች። መጋቢት 2 ቀን 1955 ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ስትመለስ ተነሺ ተባለች። አልነሣም አለች። ዕድሜዋ 15 ዓመት ነበር። ፖሊሶች ጎትተው አወረዷት፤ በካቴና አስረውም ወሰዷት። ኋላ ስትናገር፣ ከእርሷ በፊት ባርነትን የታገሉ ሁለት ጥቁር ሴቶች በግራና በቀኝ ትከሻዋን ተጭነው እንዳትነሣ የያዟት ያህል እንደተሰማት ተናግራለች። እነዚያን ሴቶች ያወቀቻቸው በትምህርት ቤት ነው። የምናስተምረው ታሪክ አንድ ቀን የልጆቻችንን ትከሻ ይይዛል ማለት ነው።

በጥቅምት ወር ደግሞ የ18 ዓመቷ ሜሪ ሉዊዝ ስሚዝ እንደዚሁ አልነሣም ብላ ታሰረች። በእነዚህ ሁለት ልጆች ምክንያት ከተማው አልተንቀሳቀሰም። መሪዎቹ ጊዜው አይደለም፣ ለዚህ ነገር የሚሆነው ሰው ሌላ ነው ብለው አለፏቸው። እግዚአብሔር ግን አልረሳቸውም፤ ወደ እነሱ እንመለሳለን።

ታኅሣሥ 1 ቀን 1955፣ ሐሙስ ማታ፣ ሮዛ ፓርክስ ከሥራ ወጥታ አውቶቡስ ተሳፈረች። የ42 ዓመት ልብስ ሰፊ ነበረች፤ በአፍሪካ ሜቶዲስት ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ያደገች፣ የምትጸልይ ሴት። ሾፌሩን ታውቀዋለች። ከ12 ዓመት በፊት በ1943 ከአውቶቡሱ ያስወረዳት እርሱ ራሱ ነበር። መካከለኛው ክፍል ላይ ተቀመጠች። አንድ ነጭ ሰው መቀመጫ አጥቶ ቆመ። ሾፌሩ አራቱንም ጥቁሮች ተነሡ አላቸው። ሦስቱ ተነሡ። እርሷ ወደ መስኮቱ ተጠጋች እንጂ አልተነሣችም።

ብዙ ጊዜ ሲነገር ‘እግሯ ደክሟት ነው ያልተነሣችው’ ይባላል። እርሷ ግን እንዲህ አይደለም ብላለች። በሥጋዋ ከሌላው ቀን የተለየ ድካም አልነበራትም። የደከማት እሺ ማለቱ ነው፤ መገዛቱ ነው። ፍርድ ቤቱ 10 ዶላር ቅጣትና 4 ዶላር ወጪ ወሰነባት።

የሴቶቹ ሌሊት እና የመጋቢዎቹ ፍርሃት

ያን ሌሊት ምን ሆነ መሰላችሁ? ጆ አን ሮቢንሰን የምትባል የኮሌጅ እንግሊዝኛ አስተማሪ እንቅልፍ አልወሰዳትም። እርሷም በ1949 ከፊት በኩል ተቀምጣ ሾፌሩ ስለጮኸባት እያለቀሰች የወረደች ሴት ናት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በከተማዋ ባለው የሴቶች የፖለቲካ ምክር ቤት ውስጥ ስትሠራ፣ ለከንቲባው አቤቱታ ስትጽፍ ቆይታለች። የሮዛን መታሰር እንደሰማች ወደ ኮሌጁ ሄደች። ከአንድ የሥራ ባልደረባዋና ከሁለት ተማሪዎቿ ጋር ሌሊቱን ሙሉ በማባዣ ማሽን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ወረቀት አባዙ። መልእክቱ አጭር ነበር፤ ሰኞ ዕለት ማንም አውቶቡስ እንዳይሳፈር የሚል። ሲነጋ ወረቀቱ በትምህርት ቤት፣ በሱቅ፣ በጸጉር ቤት ተበተነ። እሁድ ደግሞ በየመድረኩ ተነገረ።

ሰኞ ታኅሣሥ 5 አውቶቡሶቹ ባዶአቸውን ሄዱ።

አሁን የምናገረው ነገር እኛን አገልጋዮችን ይመለከታል። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ መጋቢዎቹ ተሰበሰቡ። ከእነሱ አንዳንዶቹ ነገሩ በምስጢር እንዲያዝ፣ ስማቸውም እንዳይወጣ ፈለጉ። እዚያ መካከል ኢ. ዲ. ኒክሰን የሚባል ሰው ነበር። ሥራው በባቡር ላይ የመኝታ ክፍል አስተናጋጅ ነው። ብዙ ትምህርት አልነበረውም፤ ሮዛን በዋስ ካስፈቷት አንዱ ግን እርሱ ነው። ተነሥቶ ቆመና መጋቢዎቹን ገሠጻቸው። የሰው ልብስ እያጠቡ በሚያገኙት ሳንቲም የሚያኖሯችሁ እነዚህ ሴቶች ናቸው፤ አሁን ለእነሱ መቆም ሲመጣ ትደበቃላችሁ ወይ? የሚል ነበር የነገሩ ፍሬ ሐሳብ። ከመጋቢዎቹ መካከል የ26 ዓመቱ ማርቲን ሉተር ኪንግ ፈሪ አይደለሁም ብሎ መለሰ። ያን ቀን ለአዲሱ ማኅበር መሪ አድርገው መረጡት።

ማታ በሆልት ስትሪት ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተሰበሰበ። ውስጡ ሞልቶ ውጭ የቆሙት በድምፅ ማጉያ ይሰሙ ነበር። ተዘመረ፣ ተጸለየ፣ ቃል ተነበበ። ይቀጥል ወይስ ይቁም? ተብሎ ሲጠየቅ ሕዝቡ በአንድነት ተነሥቶ ቆመ።

የጠየቁት ምን ነበር? ዛሬ ብንሰማው ትንሽ ነው የሚመስለን። ሾፌሮች በትሕትና ያስተናግዱን፤ ጥቁሮች ከኋላ ነጮች ከፊት ጀምረው ቀድሞ የመጣ ይቀመጥ፤ ጥቁሮች በብዛት በሚኖሩበት መስመር ጥቁር ሾፌር ይቀጠር። ይኸው ነው። ይህን እንኳ ከለከሏቸው።

381 ቀን

ቅዱሳን፣ አንድ ቀን በእግር መሄድ ቀላል ነው። ሳምንትም ይቻላል። እነዚህ ሰዎች ግን 381 ቀን ሄዱ። በክረምቱ ብርድ፣ በአላባማ የበጋ ሐሩር፣ በዝናብ። ሲነጋ የሰው ቤት ለማጽዳት ይሄዳሉ፣ ሲመሽ በእግራቸው ይመለሳሉ። ኪንግ ራሱ የሚያስታውሳቸው አንዲት አሮጊት እናት ነበሩ። በመኪና እናድርስዎት ሲባሉ እግራቸው ቢደክምም ነፍሳቸው እንዳረፈች ተናግረው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

መጀመሪያ ላይ የጥቁሮች ታክሲዎች በአውቶቡስ ሒሳብ በ10 ሳንቲም ይጭኑ ነበር። ከተማው ከ45 ሳንቲም በታች ማስከፈል ክልክል ነው አለ። ከዚያ መኪና ያለው ሁሉ መኪናውን ይዞ ወጣ። ወደ 300 የሚደርሱ መኪናዎች መነሻና መድረሻ ተመድቦላቸው ሰው ማመላለስ ጀመሩ። ከሩቅ በመጣ መዋጮ ትልልቅ የቤተሰብ መኪናዎች ተገዝተው በቤተ ክርስቲያናት ስም ተመዘገቡ። በበራቸው ላይ የቤተ ክርስቲያን ስም ስለተጻፈባቸው ሰዎች ‘በጎማ የሚሄዱ ቤተ ክርስቲያናት’ ይሏቸው ነበር። የኢንሹራንስ ድርጅቶች ዋስትናቸውን ሲሰርዙባቸው ከለንደን ኢንሹራንስ አገኙ።

ለቤንዚኑስ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? እስቲ ስለ ጆርጂያ ጊልሞር ልንገራችሁ። ምግብ አብሳይና አዋላጅ ነበረች። ከፊት ከፍላ፣ ወርዳ ወደ ኋላ በር ስትሄድ አውቶቡሱ ጥሏት ከሄደ ሰዎች አንዷ ናት፤ ይህንንም በ1956 በኪንግ የፍርድ ሂደት ላይ ቆማ መሰከረች። በምስክርነቷም ከሥራዋ ተባረረች። እርሷ ግን ከጓደኞቿ ጋር በቤቷ ዶሮ እየጠበሰች፣ ኬክ እየጋገረች ትሸጥ ነበር። ከሚሠሩት ሴቶች ብዙዎቹ በነጮች ቤት ተቀጣሪ ናቸው፤ ስማቸው ቢታወቅ እንጀራቸው ይቋረጣል። ስለዚህ ማኅበራቸውን ‘ከየትም ያልመጣ ክበብ’ አሉት። ማታ በጉባኤው ላይ ጆርጂያ ገንዘቡን ይዛ ስትመጣ፣ ከየት አመጣሽው? ሲባል ከየትም አይደለም ትላለች። ሕዝቡ ያጨበጭባል። ነጮቹም ሳያውቁ ኬኩን ይገዙ ነበር!

በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ሰኞና ሐሙስ፣ በተለያዩ ቤተ ክርስቲያናት ተራ በተራ ጉባኤ ይደረግ ነበር። ሲሄዱ ውለው ማታ ይጸልያሉ። ያለዚያ ጸሎትና ዝማሬ 381 ቀን አይገፋም። እዚህ ላይ መንፈሳዊውና ‘ዓለማዊው’ ብለን የምንለያየው ነገር አብሮ ሲሄድ እናያለን። የጸለዩት ለመሄድ ነው፤ የሄዱት ስለጸለዩ ነው።

ጥር 30 ቀን 1956 የኪንግ ቤት በቦምብ ተመታ። ሚስቱና ጨቅላ ልጁ ውስጥ ነበሩ፤ ጌታ አተረፋቸው። የተቆጣ ሕዝብ ተሰበሰበ፤ አንዳንዱ መሣሪያ ይዟል። ኪንግ በተሰበረው በረንዳ ላይ ቆሞ መሣሪያችሁን ወደ ቤት መልሱ፣ ጠላቶቻችንን እንውደድ ብሎ አሰናበታቸው። ሁለት ቀን ቆይቶ በኒክሰን ግቢ ሌላ ቦምብ ተጣለ።

በየካቲት ደግሞ ከተማው በ1921 የወጣ የቆየ ሕግ አንሥቶ ወደ 90 የሚጠጉ ሰዎችን ከሰሰ። ፖሊስ እስኪመጣ አልጠበቁም። ኒክሰን ቀድሞ፣ በእግሩ ሄዶ እጁን ሰጠ። ሌሎቹም ተከተሉ፤ መጋቢዎችም ከመካከላቸው ነበሩ። ወገኖቼ፣ ይህን አስተውላችኋል? በታኅሣሥ ስማችን አይውጣ ይሉ ከነበሩት አገልጋዮች መካከል በየካቲት ስማቸውን እየጠሩ ወደ እስር ቤት የገቡ አሉ። ፍርሃትን ያወጣላቸው ምንድን ነው? ምእመናኑ ሲሄዱ ማየታቸው ነው። አንዳንዴ መንጋው ነው እረኛውን የሚመራው።

ከማዶ የተሻገሩት

ሁሉም ነጭ አንድ አልነበረም። ሮበርት ግሬትዝ ወጣት ነጭ መጋቢ ነበር፤ የሚያገለግለው ግን የጥቁሮችን የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ነው። ማለዳ ተነሥቶ በራሱ መኪና ሰዎችን ወደ ሥራ ያደርስ ነበር። የመኪናውን ጎማ ቀደዱ፤ ቤንዚን መያዣው ውስጥ ስኳር ጨመሩ፤ ቤቱን ሁለት ጊዜ በቦምብ መቱ። አልሸሸም።

ጁልየት ሞርጋን ደግሞ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበረች፤ ነጭ ናት። ታኅሣሥ 12 ቀን 1955 በከተማው ጋዜጣ ላይ ደብዳቤ ጻፈች። በእግራቸው የሚሄዱት ሰዎች ክብር ይገባቸዋል፣ ሥራቸውም የጋንዲን ያስታውሳል አለች። ከዚያ በኋላ ስልኳ በስድብ አላረፈም። የቆዩ ወዳጆቿ ራቋት። በግቢዋ መስቀል አቃጠሉባት። አዎ፣ መስቀል! ጌታ የሞተበትን ምልክት ለማስፈራሪያ ተጠቀሙበት። በሐምሌ 1957 ሥራዋን ለቀቀች፤ ወዲያውም በ43 ዓመቷ ሕይወቷ አለፈ። ዛሬ የከተማው ቤተ መጻሕፍት በስሟ ይጠራል። ስሟ የተሰጠው ግን በ2005 ነው፤ እርሷ ይህን አላየችም።

የግሬትዝንና የጁልየትን ታሪክ ጎን ለጎን ሳይ አንድ ነገር ልቤን ይነካዋል። ግሬትዝ ጉባኤ ነበረው፤ ሲመታ የሚጸልዩለት፣ አብረውት የሚቆሙ ሰዎች ነበሩት። ጁልየት ግን ከራሷ ወገን መካከል ብቻዋን ቀረች። እውነት የሚናገር ሰው ጠላት ስላለው ብቻ አይወድቅም፤ ወዳጅ ሲያጣም ይወድቃል።

ያሸነፉ ጊዜ

የተረሱትን ልጆች እንመለስባቸዋለን ብዬ ነበር አይደል? የካቲት 1 ቀን 1956 ወጣቱ ጠበቃ ፍሬድ ግሬይ የአውቶቡሱን ሕግ በመቃወም ለፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ አቀረበ። ከሳሾቹ ሴቶች ናቸው፤ ኦሬሊያ ብራውደር፣ ሱዚ ማክዶናልድ፣ ሜሪ ሉዊዝ ስሚዝ እና ያቺ የ15 ዓመት ልጅ ክላውዴት ኮልቪን። መሪዎች የተዋቸው ድንጋዮች የማዕዘን ራስ ሆኑ ብንል ማጋነን አይሆንም። በሰኔ ፍርድ ቤቱ ፈረደላቸው። ከተማው ይግባኝ አለ። ኅዳር 13 ቀን 1956 ከተማው በሌላ ፍርድ ቤት መኪናዎቹን ለማስቆም ሲከራከር፣ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ዜናው ደረሰ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የታችኛውን ፍርድ አጽንቶታል!

በማግስቱ ማታ ጉባኤው ላይ ግሬትዝ ከ1ኛ ቆሮንቶስ 13 አነበበ። ልጅ የነበረ ሰው ሲጎለምስ የልጅነትን ነገር ስለመተዉ የሚናገረው ቃል ላይ ሲደርስ ሕዝቡ በእልልታና በጭብጨባ አቋረጠው። ቃሉ ስለ እነሱ እንደተጻፈ ገብቷቸው ነበር።

የፍርዱ ትእዛዝ ከተማው እስኪደርስ ግን ከአንድ ወር በላይ ፈጀ። መኪናዎቹ በፍርድ ታግደዋል፤ ስለዚህ እንደገና በእግር ሄዱ። በእነዚያ ሳምንታት ምን እንዳደረጉ ሳነብ ነው የበለጠ የተገረምኩት። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወንበሮችን እንደ አውቶቡስ ደርድረው ልምምድ አደረጉ። አንዱ ሾፌር ይሆናል፣ ሌላው ሰዳቢ ነጭ፣ ሌላው ተሳፋሪ። ቢሰድቡህ ምን ትላለህ? ቢገፉሽ ምን ታደርጊያለሽ? የመመሪያ ወረቀትም ተበተነ። አትመኩ፣ አትሳደቡ፣ ቢመቷችሁ መልሳችሁ አትምቱ፣ ጸልዩ የሚል ነው። ለማሸነፍ ብቻ አልተዘጋጁም፤ ካሸነፉ በኋላ እንዴት እንደሚኖሩም ተዘጋጁ።

ታኅሣሥ 21 ቀን 1956 ሰዎቹ ከፊት ገብተው፣ ከፍለው፣ ከፊት ተቀመጡ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ይለን ነበር። ግን በአውቶቡሶች ላይ ተተኮሰ። አንዲት እርጉዝ ሴት እግሮቿን ተመታች። በጥር 1957 በአንድ ሌሊት አራት ቤተ ክርስቲያናትና ሁለት የመጋቢዎች ቤት በቦምብ ተመቱ። ሮዛ ፓርክስ ሥራዋን አጥታ ከተማዋን ለቅቃ ወደ ዲትሮይት ሄደች። የክላውዴት ኮልቪን የወጣትነት ክስ ከመዝገብ የተፋቀው በ2021 ነው፤ ከ66 ዓመት በኋላ። ጽድቅን ማድረግ ዋጋ ያስከፍላል። ይህን የደበቀ ሰባኪ ወንጌልን በሙሉ አልሰበከም።

ይህ ለእኛ ምንድን ነው?

ወገኖች፣ የጥቁር አሜሪካ ቤተ ክርስቲያናት ከባርነት ዘመን ጀምሮ በመዝሙር 68፥31 ላይ ያለውን፣ ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ስለመዘርጋቷ የሚናገረውን ቃል እንደ ተስፋቸው ይዘውት ኖረዋል። በስማችን ተጽናንተዋል። እኛስ በእነሱ ታሪክ ምን እንማራለን?

በሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ያለውን ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ እናውቀዋለን፤ እንኮራበታለንም። አንድ ነገር ግን እናልፋለን። ሰውየው ባለ ሠረገላ ባለ ሥልጣን ነው። ፊልጶስ አቧራ ላይ የሚሮጥ የማያውቀው እንግዳ ነው፤ አገሩም ቋንቋውም ሌላ። ጃንደረባው ምን አደረገ? ሠረገላው ላይ ወጥቶ አጠገቡ እንዲቀመጥ ለመነው። ወንበር ሰጠው! ወንጌል ወደ ወገናችን የገባው በአንድ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ከተቀመጡ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ነው።

ታዲያ እኛ ጎን ለጎን እንቀመጣለን? በውጭ አገር ሲደርስብን ያመናል። በእስራኤል አገር ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን የለገሱት ደም በድብቅ ይጣል እንደነበር በ1996 ሲሰማ ያላዘነ የለም፤ ማዘንም ይገባል። በቤታችን ግን ሰባት ቤት ወደ ኋላ ቆጥረን ሠርግ እናፈርሳለን። ሸክላ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚያለፋውን፣ ብረት የሚቀጠቅጠውን ‘ቡዳ’ ብለን ከማዕዳችን አርቀን ኖረናል። ባርነት በአገራችን በአዋጅ የተሻረው በ1942 ነው፤ ቃሉ ግን ዛሬም ከአፋችን አልወጣም። መልኩ ጠቆር ያለውን ወንድም በስም ሳይሆን በቀለሙ ጠርተን እንስቃለን፤ እርሱም አብሮን ይስቃል፤ ማታ ግን ያለቅሳል። በውጭ ሲያደርጉብን ዘረኝነት እንለዋለን፤ እኛ ስናደርገው ደግሞ ባህል ወይም ቀልድ እንለዋለን። እግዚአብሔር ግን ሁለት ሚዛን የለውም።

በገላትያ 2 ላይ ጴጥሮስ ከአሕዛብ ጋር ሲበላ ቆይቶ፣ የወገኑ ሰዎች ሲመጡ ፈርቶ ከማዕዱ ተነሣ። ስብከቱን አልቀየረም፤ የቀየረው የሚበላበትን ማዕድ ነው። ጳውሎስ ግን በሁሉ ፊት ተቃወመው፤ ከወንጌል እውነት ጋር አልሄድክም አለው። ወንጌል በማዕድም ይካዳል ማለት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ከሞንትጎመሪ ሰዎች የምንማረው በእጃችን ካለው እንድንጀምር ነው። ጆ አን ማባዣ ማሽን ነበራት። ጆርጂያ ምጣድ ነበራት። ግሬትዝ መኪና ነበረው። ክላውዴት የተቀመጠችበት ወንበር ብቻ ነበራት። አንተስ ምን አለህ? ቤት አከራይ ከሆንክ የተከራይህን ዘር አትጠይቅ። ቀጣሪ ከሆንሽ ስሙን አይተሽ ማመልከቻውን ወደ ጎን አታድርጊ። አንድ ሰው ወገንን የሚያዋርድ ቀልድ ሲያወራ አትሳቅ፤ በትሕትና ‘ወንድሜ፣ ይህ አይሆንም’ በል። ያ ቃል ከተናጋሪው አፍ ሲወጣ ዝም ያለው ሁሉ አብሮ ተናግሮታል። ልጅህ ከሌላ ብሔር የሆነች አማኝ ሊያገባ ሲመጣ በጌታ መሆኗን ጠይቅ እንጂ አጥንቷን አትቁጠር። እሁድ ከጉባኤ በኋላ ብቻውን የሚወጣውን ሰው ማዕድህ ላይ ጥራው። እውነት ተናግሮ ብቻውን የቀረ ሰው ካለ ደግሞ ዛሬ ደውልለት። ጁልየት ያጣችው ይህንን ነው።

ለእኛ ለአገልጋዮችም የኒክሰን ተግሣጽ ይድረሰን። የምእመናኑን አሥራት ተቀብለን፣ እነሱ በዘራቸው ሲናቁ ‘ፖለቲካ ነው’ ብለን ዝም ማለት አንችልም። የእግዚአብሔር መልክ ሲረገጥ ያ የመድረክ ጉዳይ ነው።

ይህን የምናደርገው ጥሩ ሰዎች ለመባል አይደለም። ጌታችን ኢየሱስ የክብር ወንበሩን ትቶ ወደ እኛ ስለወረደ ነው። ወደዚያ ቁሙ ሊባሉ የሚገባቸው እኛ ነበርን። እርሱ ግን ከየነገዱና ከየቋንቋው ዋጅቶ ከራሱ ጋር አስቀመጠን። ለእኛ እንዲህ የተደረገልን ሰዎች ማንን ከወንበሩ ልናስነሣ እንችላለን?

እንጸልይ። አባት ሆይ፣ ሰውን በፊቱ አይተን ያደላንበትን አሳየን። ከልባችን ንቀትን፣ ከአፋችን ስድብን አውጣ። በአጠገባችን ባዶ ወንበር ካለ ማንን ጠርተን እንደምናስቀምጥ በዚህ ሳምንት አሳየን። ስንፈራ መንፈስ ቅዱስ ይደግፈን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ። ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ ለሌላ ሰው ስጡት፤ ቢቻል ከእናንተ ወገን ላልሆነ ሰው።